መንገዱ ሲዘጋ መድኃኒቱ ማን እጅ ነው? ኤችአይቪ በቀውስ ጊዜና በመለዮ ለባሹ ዘንድ

ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የጀመረ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ይወስደዋል። ሳያቋርጥ ከወሰደ በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይቀንሳል፤ ሥራውን ይሠራል፣ ልጅ ይወልዳል፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ካቋረጠ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ ይመለስበታል። እያቋረጠ እየጀመረ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱን የተላመደ ቫይረስ ሊያፈራ ይችላል። ስለዚህ ጦርነት በተነሳበት፣ ጎርፍ በወሰደው ወይም ምድር በተንቀጠቀጠበት አካባቢ ለሚኖር እንዲህ ላለ ሰው ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ የሚቀጥለው ወር መድኃኒት የት እንዳለ ነው።

ይህ ጥያቄ በዓለም አቀፍ መድረኮችና መመሪያዎች ተገቢውን ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ለረጅም ጊዜ ሲጠየቅ የኖረው ሌላ ነበር፦ ጦርነት ቫይረሱን ያዛምታል ወይ? ወታደሩስ ከመንደር መንደር ይዞት ይዞራል ወይ? ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያየ ሥራ ያሠራሉ። አንዱ ወታደሩንና ስደተኛውን እንደ ሥጋት ያያቸዋል፤ ሌላኛው እንደ ታካሚ። በእኔ እምነት በዚህ መስክ ከተፈጸሙት ስህተቶች አብዛኞቹ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁለተኛውን ለረጅም ጊዜ ስለሸፈነው የመጡ ናቸው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጃንዋሪ 2000 የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የጤና ጉዳይን አጀንዳው አድርጎ ተሰበሰበ። ስብሰባውን የመሩት የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር ነበሩ፤ ርዕሱም ኤድስ በአፍሪካ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ ውሳኔ ቁጥር 1308 ጸደቀ። ውሳኔው መንግሥታት ለሰላም አስከባሪዎቻቸው ስለ መከላከል እንዲያስተምሩ፣ በፈቃደኝነትና በምስጢር የሚደረግ የምክርና የምርመራ አገልግሎት እንዲያቀርቡ፣ ሕክምና እንዲሰጡ የሚያበረታታ ነበር። ይዘቱ ደግ ነው። የተወለደበት መንፈስ ግን የፍርሃት ነበር፤ ኤድስ ሠራዊቶችን ይጨርሳል፣ የፈረሱ ሠራዊቶች መንግሥታትን ያፈርሳሉ የሚል ፍርሃት።

የፍርሃቱን መጠን ለማየት ከኢትዮጵያ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የስለላ ምክር ቤት በ2002 ባወጣው ሪፖርት ናይጄሪያን፣ ኢትዮጵያን፣ ሩሲያን፣ ሕንድንና ቻይናን የወረርሽኙ ቀጣይ ማዕበል የሚመታቸው አገሮች አድርጎ አቀረበ። በኢትዮጵያ እስከ 2010 ድረስ ከ7 እስከ 10 ሚሊዮን ሰው ቫይረሱ በደሙ ይኖራል ብሎም ገመተ። በ2011 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከአዋቂዎች መካከል ቫይረሱ ያለባቸው 1.5 በመቶ መሆናቸውን አሳየ፤ በ2016 ደግሞ ቁጥሩ 0.9 በመቶ ሆነ። ይህን የምለው የደረሰውን ጥፋት ለማቃለል አይደለም። ነፃው ሕክምና በ2005 እስኪጀመር ድረስ በየሰፈሩ የተቀበረውን ወጣትና ያለ ወላጅ የቀረውን ሕፃን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የተገመተው ማዕበል ግን አልመጣም፤ በተለይም በጦር ሠራዊት ጀርባ ታዝሎ አልመጣም።

ፍርሃቱ ከባዶ የተነሳም አልነበረም። በ1986 ሐራሬ ላይ በተካሄደው የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ ፊደል ካስትሮ ዩዌሪ ሙሴቬኒን ለብቻቸው አነጋግረው፣ ለሥልጠና ኩባ ከሄዱት 60 የዩጋንዳ መኮንኖች 18ቱ ቫይረሱ በደማቸው እንደተገኘ ነገሯቸው። ሙሴቬኒ ራሳቸው ደጋግመው የተናገሩት ታሪክ ነው፤ ዩጋንዳ በአደባባይ ስለ ኤድስ እንድትናገር ካደረጉት ነገሮችም አንዱ ሆነ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚያስፈልግ ነገር አለ። በድሃ አገር ጤነኛ ወጣቶች በብዛት ተሰልፈው የሕክምና ምርመራ የሚያደርጉበት ቦታ ቢኖር ጦር ሠራዊት ነው። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የቀን ሠራተኛው ካልታመመ ሐኪም ቤት አይሄድም፤ ምልምል ወታደር ግን ሳይታመም ይታያል። ስለዚህ ቫይረሱ በመጀመሪያ በሠራዊት ውስጥ መታየቱ ከሠራዊት ለመምጣቱ ማስረጃ አይሆንም።

ለዚህ ከእኛው አገር የተገኘ ጠንካራ መረጃ አለ። ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ወቅት የተመለመሉ 72 ሺህ ያህል ወንዶች የምርመራ ውጤት በ2003 በሳይንሳዊ መጽሔት ታትሟል። ከከተማ ከመጡት ምልምሎች 7.2 በመቶ፣ ከገጠር ከመጡት 3.8 በመቶ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቶ ነበር። እነዚህ ገና ካምፕ የሚገቡ ልጆች ናቸው፤ ምሽግ ውስጥ ያላደሩ፣ የወታደር ደመወዝ ያልተቀበሉ። የሚናገሩት ስለመጡበት ከተማና መንደር ነው።

በ2006 አለን ዋይትሳይድ፣ አሌክስ ደ ዋልና የቀድሞው የኢትዮጵያ ጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ጻድቃን ገብረተንሳይ በአፍሪካን አፌርስ መጽሔት ያሳተሙት ጥናት የሠራዊትና የኤድስን ጉዳይ በሰከነ ዓይን መረመረ። ወታደሮች ከሲቪሉ በብዙ እጥፍ ይያዛሉ የሚለው በሰፊው ሲጠቀስ የኖረ አባባል የቆመበት ማስረጃ ደካማ መሆኑን አሳዩ። የአንድ ሠራዊት ሁኔታ በምልምሎቹ ዕድሜ፣ በአገልግሎት ዘመን፣ በተሰማሩበት ቦታና በአዛዦች ጥንቃቄ እንደሚለያይም አስረዱ። አንድ ጦር የመራ ሰው ስሙን ያኖረበት ጥናት መሆኑ ለእኔ ክብደት አለው። በቀጣዩ ዓመት ፖል ስፒገልና ባልደረቦቻቸው በላንሴት መጽሔት ያወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ ስደተኛውን የሚመለከት ነበር። ኮንጎን፣ ደቡብ ሱዳንን፣ ሩዋንዳን፣ ዩጋንዳን፣ ሴራሊዮንን፣ ሶማሊያንና ቡሩንዲን መርምረው፣ ግጭት፣ መፈናቀልም ሆነ በስፋት የተፈጸመ አስገድዶ መድፈር በአጠቃላዩ ሕዝብ ዘንድ የቫይረሱን ስርጭት ከፍ እንዳደረገ የሚያሳይ በቂ መረጃ እንደሌለ ደመደሙ። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። መንገድ ሲቆረጥ ገበያ ይቆማል፣ ሰው ከሰው ይራራቃል። አደጋው ከፍ የሚለው ብዙ ጊዜ መንገዱ ሲከፈት፣ ገንዘብና ሹፌር፣ ነጋዴና ተመላሽ ወታደር በአንድ ላይ ሲገቡ ነው።

ጋምቤላን እንይ። በዲሴምበር 2013 በደቡብ ሱዳን የተነሳው ጦርነት መቶ ሺዎችን ወደዚያ አሻገረ፤ ስደተኛው በሽታ ይዞ መጣ የሚል ሐሜትም አብሮ ተነሳ። ነገር ግን ጦርነቱ ሳይነሳ፣ በ2011ዱ ጥናት፣ ጋምቤላ 6.5 በመቶ በመሆን ከኢትዮጵያ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛውን ቁጥር ይዛ ነበር። በኩሌና በቲርኪዲ መጠለያዎች የሰፈረ ስደተኛ ከአካባቢው ነዋሪ የበለጠ አደገኛ አልነበረም። የሚያስፈልገው ነዋሪው የሚያስፈልገው ያው አገልግሎት ነው። የ2019ኙ የስደተኞች አዋጅም ስደተኞች የጤና አገልግሎት እንዲያገኙ መብት ሰጥቷል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልመለስ፤ ማን ከሕክምና ይቆረጣል? በ2013 በዓለም ላይ ቫይረሱ በደማቸው ከሚገኝ 22 ሰዎች መካከል አንዱ በሰብዓዊ ቀውስ ውስጥ እንደነበረ የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም ገምቶ ነበር፤ ወደ 1.6 ሚሊዮን ሕዝብ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ምን እንደረዳቸው ለማወቅ የተለያዩ አገሮችን ታሪክ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበጃል።

ኬንያ ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ ስትናጥ በምዕራብ ኬንያ ኤልዶሬት ዙሪያ የሚሠራው አምፓት የተባለ የሕክምና ፕሮግራም ታካሚዎቹ በየአቅጣጫው ተበተኑበት። ጤና ባለሙያዎቹ ራሳቸው ከተለያዩ ብሔሮች ስለነበሩ አንዳንዶቹ ወደ ሥራ ቦታቸው መሄድ አልቻሉም። ሰውን የፈለጉት በስልክ፣ በሬዲዮ ማስታወቂያና በተፈናቃይ ካምፖች እየዞሩ ነው። ሄይቲ ላይ በጃንዋሪ 2010 ምድር ስትንቀጠቀጥ በፖርቶ ፕሪንስ ከ1982 ጀምሮ ሲሠራ የቆየው የጌስኪዮ ማዕከል ሕንፃዎቹ ተጎዱ፤ ግቢው የተፈናቃዮች ሰፈር ሆነ፤ መድኃኒት ማደሉ ግን አልቆመም። ሞዛምቢክ ውስጥ በማርች 2019 ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ ቤይራን ሲመታ የታካሚው ካርድም ክኒኑም በውኃ ተወስዷል። እዚያም ጠፍቶ የቀረውን ታካሚ በየመጠለያው እየዞሩ የፈለጉት በቀበሌ ደረጃ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ።

ዩክሬን ከሁሉም ትለያለች። በ2022 ሩሲያ ስትወርራት ወደ 250 ሺህ የሚጠጋ ሕዝቧ ቫይረሱ በደሙ ይገኝ ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በመርፌ አደንዛዥ ዕፅ የሚወስዱ ወይም የወሰዱ ናቸው። የታካሚዎቹ የራሳቸው ማኅበር ከጦርነቱ በፊት ጠንካራ መረብ ዘርግቶ ስለነበር መድኃኒቱን በመኪናና በፖስታ ያደርስ ነበር፤ ወደ ፖላንድና ወደ ሌሎች አገሮች የተሰደዱትም ወዴት እንደሚሄዱ የሚነግራቸው ሰው አላጡም። የዩክሬን ጥንካሬ ከስምንት ዓመት በፊት ከደረሰባት የመጣም ይመስለኛል። በ2014 ሩሲያ ክሪሚያን ስትይዝ በአደንዛዥ ዕፅ ምትክ የሚሰጠው የሜታዶን ሕክምና በሩሲያ ሕግ የተከለከለ በመሆኑ ወደ 800 የሚሆኑ ታካሚዎች ሕክምናቸው በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። መድኃኒት በመጋዘን ሞልቶ ሳለ ሕግ ብቻውን ሰውን ከሕክምና ሊቆርጥ እንደሚችል ያኔ ታየ።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረኝ ግን የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክና የደቡብ ሱዳን ታሪክ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በዜሚዮና በያምቢዮ አካባቢ የሠሩት ሥራ የተነሳው ከአንድ ቀላል ግምት ነው፤ ግጭት እንደገና ይነሳል። ስለዚህ ታካሚዎችን በቡድን አደራጁ። በየተራ አንዱ ሄዶ ለሁሉም መድኃኒት ያመጣል። ለሽሽት ጊዜም ለየብቻ የሚያዝ፣ የወራት ክኒን ያለበት ከረጢት ተዘጋጀ። የታካሚው ማስረጃ ከእርሱው ጋር ይሆናል። ይህ ሐሳብ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የሚፈልገው ታካሚውን ማመን ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። በየአገሩ ያሉ የጤና ሥርዓቶች ታካሚው ክኒኑን ይሸጠዋል፣ ይጥለዋል፣ ይረሳዋል እያሉ በየወሩ እንዲመላለስ ሲያስገድዱት ኖረዋል።

በወረቀት ላይ መመሪያ አልጠፋም። ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅቶች የጋራ ኮሚቴ በ2003 አንድ መመሪያ አወጣ፤ በ2010 አሻሻለው። ጤናን ብቻ ሳይሆን ምግብን፣ መጠለያን፣ ትምህርትን፣ ውኃን፣ ጥበቃን፣ የእርዳታ ሠራተኞቹን የራሳቸውን ጉዳይ ሳይቀር ይነካል። በአደጋ የመጀመሪያ ቀናት ሊሟሉ የሚገባቸው አነስተኛ የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎቶችም ተዘርዝረዋል፦ ንጹሕ ደም፣ ኮንዶም፣ ለተደፈሩ ሰዎች የመከላከያ መድኃኒት፣ ሕክምና የጀመሩ እንዳያቋርጡ ማድረግ። ችግሩ ያለው አደረጃጀቱ ላይ ነው። ከ2005 ወዲህ የእርዳታ ሥራ ክላስተር በሚባሉ ዘርፎች ተከፍሏል፤ ለውኃ ክላስተር አለ፣ ለመጠለያ አለ፣ ለምግብ አለ። ኤችአይቪ የራሱ የለውም፤ በሁሉም ውስጥ ያልፋል ተባለ። በሁሉም ውስጥ የሚያልፍ ጉዳይ ሳምንታዊ ስብሰባ ላይ የሚነሳው በመጨረሻ፣ ሰው ደብተሩን ሲያጥፍ ነው። ለብቻው ክላስተር ይቋቋም ባይ አይደለሁም። ነገር ግን በየአስተባባሪው ጠረጴዛ ላይ ስንት ታካሚ ነበረ፣ ስንቱ ተገኘ የሚል አንድ ቁጥር ካልተቀመጠ ኤችአይቪን ከሌሎች ሥራዎች ጋር ማዋሃድ የሚባለው ነገር ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የሰሜኑ ጦርነት ይህን ሁሉ እቤታችን አመጣው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከዲሴምበር 2020 አጋማሽ እስከ ማርች 2021 መጀመሪያ ድረስ በትግራይ ከጎበኟቸው 106 የጤና ተቋማት መካከል 70 በመቶ የሚሆኑት ተዘርፈው፣ ከ30 በመቶ በላይ ጉዳት ደርሶባቸው አገኙ፤ እንደ ወትሮው ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። በኋላም በክልሉ ስልክና ባንክ ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ሐኪም ታካሚውን ደውሎ ማግኘት፣ ታካሚም የትራንስፖርት ገንዘብ ማውጣት አይችልም ነበር። በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ወደ አማራና አፋር ክልሎች ሲዘልቅ የደሴን ሆስፒታል ጨምሮ ብዙ ተቋማት ተዘረፉ። ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሳ። ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በመተማ በኩል የገቡ፣ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የሰፈሩ ስደተኞችም በዚያው ግጭት መካከል ወደቁ።

የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ኢትዮጵያ ባዶ እጇን አልነበረችም። ከ2017 ጀምሮ ሕክምናቸው የተረጋጋ አዋቂዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስዱ የሚያደርግ አሠራር ተዘርግቷል። ዶሉቴግራቪር ያለበት፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ለአብዛኛው ታካሚ አንድ ዓይነት መሆኑም ሌላ ጥቅም አለው፤ የማያውቀው ጤና ጣቢያ የደረሰ ተፈናቃይ ምን ይወስድ እንደነበረ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ግን የስድስት ወሩ አሠራር ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ ሕክምና ገና የጀመሩትንና ቫይረሳቸው ያልወረደላቸውን በቀዳሚነት የሚመለከት አልነበረም። በግጭት ቀጠና በቅድሚያ የሚጎዱት ደግሞ እነሱ ናቸው። ግጭት በሚያሰጋበት ወረዳ ይህ መስፈርት መላላት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የስድስት ወር ባይሆን የሦስት ወር በእጃቸው ይኑር።

ስለ መጠለያ ጣቢያ ኑሮም ጥቂት ልበል፤ ሪፖርቶች ችላ የሚሉት እሱን ነው። በአንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ተደርድሮ ይተኛል። የክኒን ዕቃ ሲነካ ይንኳኳል፤ ሁሉም ይሰማል። ምስጢሯን ለባሏ እንጂ ለጎረቤት ያልነገረች እናት ክኒኑን በጨርቅ ጠቅልላ ትይዛለች፤ ሰው ሲበዛ ሳትወስድ ታድራለች። ምግብ ሲጠፋ መድኃኒት በባዶ ሆድ አይዋጥም ብለው የሚተዉም አሉ። የመድኃኒት እደላው ለብቻው ድንኳን ከተተከለለት ወደዚያ የገባ ሁሉ ይታወቃል። ስለዚህ ማዋሃድ ማለት በመሬት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ከሚሰጥበት ያው ጠረጴዛ ይሰጥ፤ ስንዴ ሲታደል የሚመዘገበው ቤተሰብ የረጅም ጊዜ መድኃኒት የሚወስድ እንዳለው በአጠቃላይ ይጠየቅ፤ በየክሊኒኩ ተቀጥረው የሚሠሩት፣ ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ አጋዥ ሠራተኞች ከተፈናቃዩ ጋር ይሂዱ። የጠፋ ታካሚ ማን እንደሆነ፣ ዘመዱ የት እንደሚኖር፣ በየትኛው ስም እንደሚጠራ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሰብዓዊ ቀውሱና መለዮ ለባሹ በጣም በሚያሳምም መንገድ የሚገናኙት በወሲባዊ ጥቃት ነው። የተደፈረች ሴት መከላከያ መድኃኒቱን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር፣ ከዚያም ለ28 ቀን ሳታቋርጥ መውሰድ አለባት። የሰሜኑን ጦርነት የመረመረው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት የጋራ ሪፖርት በኖቬምበር 2021 ወጥቶ በተፋላሚ ወገኖች የተፈጸሙ ወሲባዊ ጥቃቶችን መዝግቧል። በኬላ በተዘጋ መንገድ 72 ሰዓት እንዴት ይደረሳል? ኬላው ላይ የቆመው ያጠቃት ሰው ዓይነት መለዮ ከለበሰስ? ሩዋንዳ ውስጥ በ1994 የተደፈሩ ብዙ ሴቶች ቫይረሱ በደማቸው ገባ። የሩዋንዳን የዘር ማጥፋት ወንጀል የዳኘው የአሩሻው ፍርድ ቤት በ1998 አካየሱ በተባለ ተከሳሽ ጉዳይ አስገድዶ መድፈርን የዘር ማጥፋት ድርጊት ነው ብሎ በመፍረድ ታሪክ ሠራ። ሆኖም ተከሳሾቹ በእስር ቤት መድኃኒት ሲያገኙ ምስክሮቹ ለዓመታት ሳያገኙ ቀሩ። የፀጥታው ምክር ቤት በ2011 ያጸደቀው ውሳኔ ቁጥር 1983 ሁለቱን ጉዳዮች፣ ማለትም የኤችአይቪ መከላከልንና በግጭት ጊዜ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትን፣ በአንድ ላይ ማንሳቱ ትልቅ እርምጃ ነው። በተግባር ግን ውሳኔው የሚለካው አንድ የጦር አዛዥ አምቡላንስ በኬላው እንዲያልፍ አስቀድሞ ትዕዛዝ ሰጥቷል ወይስ አልሰጠም በሚለው ነው። በወታደር ሥልጠና ውስጥ የኮንዶም ትምህርት እንደሚሰጥ ሁሉ የ72 ሰዓቱ ነገር እንደ ትዕዛዝ መሰጠት አለበት።

መለዮ ለባሹ ግን አጥቂ ወይም ሥጋት ብቻ አይደለም። ወታደሩ፣ ፖሊሱ፣ የማረሚያ ቤት ጠባቂው ታካሚም ነው፤ ለዚያውም ቀጠሮውን ራሱ የማይወስን ታካሚ። ወደ ሌላ ግንባር ሲዛወር ክሊኒኩን ተሰናብቶ አይሄድም። ፈቃድ ለመጠየቅ ምክንያቱን መናገር አለበት፤ ምክንያቱን ከተናገረ ሻምበሉ ያውቃል፤ ሻምበሉ ካወቀ ጓዶቹ ማወቃቸው አይቀርም። ማዕረግና የሰላም ማስከበር ዕድል ያመልጠኛል ብሎ ይሰጋል። በላይቤሪያ፣ በቡሩንዲ፣ በዳርፉርና በአብዬ ለተሰማሩት የኢትዮጵያ ወታደሮች ቤተሰብ ያ ዕድል ምን ማለት እንደነበረ ለሚያውቅ ሰው ሥጋቱ አይደንቀውም። የተባበሩት መንግሥታት ፖሊሲ ቫይረሱ በደሙ መኖሩ ብቻ አንድን ሰላም አስከባሪ እንደማያስቀረው፣ ምርመራም በፈቃደኝነት እንደሚደረግ ይናገራል። ወታደሩን የሚልኩት አገሮች ግን የየራሳቸው መስፈርት አላቸው።

በዚህ ላይ በደቡባዊ አፍሪካ የተሰጡ ፍርዶች ሊነበቡ የሚገባቸው ናቸው። የናሚቢያ የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት በ2000፣ ለሥራው ብቁ የሆነን ሰው በቫይረሱ ምክንያት ብቻ ከሠራዊት ማስቀረት አድልዎ ነው አለ። የደቡብ አፍሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2008 ቫይረሱ ያለባቸውን ከቅጥር፣ ከዕድገትና ከውጭ አገር ስምሪት የሚያግደውን የመከላከያ ፖሊሲ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ ሻረው። በ2010 ደግሞ የዛምቢያ ፍርድ ቤት ሳያውቁ የተመረመሩ፣ ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው መድኃኒት የተሰጣቸው ሁለት የአየር ኃይል ባልደረቦች መብታቸው ተጥሷል ሲል ወሰነ። በእኛ አገር የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ለቅጥር የሚቀርበው የጤና ማስረጃ የኤችአይቪ ምርመራን እንደማይጨምር ደንግጓል፤ ሠራዊት የሚተዳደረው ግን በሌላ ሕግ ነው።

አዛዦች የሚያነሱት ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በጦር ሜዳ ወታደር ለወታደር ደም ይሰጣል፤ ሩቅ ምሽግ ላይ መድኃኒት ማድረስ ይከብዳል፤ አዛዥ የሚያዘውን ሰው አቅም ማወቅ አለበት። ለደሙ መልሱ የሚሰጠውን ደም መመርመር እንጂ ሰውየውን ማባረር አይደለም። ስለ ርቀቱ፣ የስድስት ወር ክኒን በወታደር ሻንጣ ጥግ የሚይዝ ነው። አቅምን በተመለከተ ቫይረሱ የወረደለት ወታደር ከጓዶቹ እኩል ሊሮጥ ይችላል፤ የሚያሰጋው ፈርቶ ያልተመረመረው፣ ወይም ተመርምሮ በድብቅ መድኃኒት ያቋረጠው ነው። ግዴታ ምርመራ እሱን ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም። ሐኪሙም መለዮ ለባሽ ሲሆን የምስጢር ጉዳይ ይከብዳል፤ የታካሚው የበላይ አለቃ የሐኪሙም አለቃ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚሻለው ወታደሩ ከፈለገ በሲቪል ክሊኒክ እንዲከታተል፣ የሠራዊቱና የጤና ሚኒስቴሩ መድኃኒትና መዝገብም እንዲናበብ ማድረግ ነው። የወታደሩ ሚስትና ልጆችም የሚታከሙት እዚያው ነው።

ፖሊስን ብዙ ጽሑፎች ይዘሉታል፤ በከተማ ግን ከወታደሩ ይልቅ የሚወስነው እሱ ነው። በወሲብ ንግድ የምትተዳደር ሴት ቦርሳዋ ውስጥ በተገኘ ኮንዶም የምትታሰር ከሆነ ኮንዶም አትይዝም። የተደፈረች ሴት ጣቢያ ስትመጣ ቃል መቀበል ይቅደም ወይስ ሆስፒታል መላክ የሚለውን የሚወስነው ተረኛው ፖሊስ ነው። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልን በመሳሰሉ ቦታዎች ሕክምናን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኙት ማዕከላት የተሠሩት ይህን ምልልስ ለማስቀረት ነው። በተፈናቃይ ካምፖች አጠገብም እንዲህ ያሉ ማዕከላት ቢኖሩ ብዙ ሰዓት ይተርፋል።

አሁን በኢትዮጵያ ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ቦታ የሚያገናኝ አጋጣሚ አለ። ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት ለመመለስ አቅዶ በኖቬምበር 2024 መቀሌ ላይ ሥራ ጀምሯል። ከ1998 እስከ 2000 ከኤርትራ ጋር ከተካሄደው ጦርነት በኋላም ከመቶ ሺህ በላይ ወታደር ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ ያኔ ግን ነፃው ሕክምና ገና አልተጀመረም ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ አለ። ተዋጊው ጥቂት ቀናት በማዕከል ያሳልፋል፤ በፈቃዱና በምስጢር ለመመርመር፣ ያቋረጠ ካለ እንደገና ለመጀመር፣ የሦስት ወር ክኒን ይዞ ለመሄድ የሚበቃ ጊዜ ነው። ሴት ተዋጊዎችም አሉ፤ እነሱ ስላለፉበት ነገር በሴት ባለሙያ ቢጠየቁ ይሻላል።

ተዋጊው ከማዕከሉ ወጥቶ የሚደርሰው ግን ወረዳው ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው በኤችአይቪና በወባ ላይ ይሠሩ የነበሩ 5 ሺህ ያህል ባለሙያዎችን ውል አቋረጠ። ተመላሹ ተዋጊ የመጀመሪያ ቀጠሮውን ሲያሳልፍ ወደ ስልኩ መደወል፣ ቤቱን ፈልጎ ማግኘት የእነሱ ሥራ ነበር። የተሐድሶው በጀት ለመቋቋሚያ ከሚሰጠው ገንዘብ ጎን የእነዚህን ሠራተኞች ደመወዝ ለአንድና ለሁለት ዓመት ቢሸፍን፣ በግንባር ቀጠና ባሉ ወረዳዎች ቢጀምር፣ ወጪው ከጠቅላላው እቅድ አንፃር ትንሽ ነው።